የዓለም ንግድ ድርጅት አባልነትና የአነስተኛ አምራቾች የመንግሥት ጨረታ፦ የ3 በመቶ ልዩ አስተያየታችን ይነሣል ወይ?

ጥያቄ፤ ከ«ባለ ዴስኩ»

ሰላም ለሁላችሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አራት ሆነን በማኅበር ተደራጅተን የጀመርነው፣ ዛሬ አሥራ አንድ ሠራተኞች ያሉት የእንጨትና የብረት ሥራ ወርክሾፕ አለን። በዋናነት የምንሠራው የተማሪ ኮምባይንድ ዴስክ፣ የመምህር ጠረጴዛና የፋይል መደርደሪያ ሲሆን፣ የዓመቱ ገቢያችን በአብዛኛው የሚገኘው ከመንግሥት ጨረታ ነው። እስካሁን ከአስመጪዎች ጋር እየተፎካከርን የቆየነው በሁለት ነገር ተደግፈን ነው፤ አንደኛው ለጨረታ ማስከበሪያ በሲፒኦ (በባንክ የተረጋገጠ የክፍያ ማዘዣ) ፋንታ ካደራጀን ጽሕፈት ቤት የዋስትና ደብዳቤ ማቅረብ መቻላችን ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በዋጋ ግምገማ ላይ ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚሰጠው የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት ነው (ዋጋችን ከሌላው እስከ 3 በመቶ ቢበልጥም እንደረከሰ የሚቆጠርበት ማለት ነው)።

ባለፈው ወር ግን በብድር ገንዘብ የሚካሄድ አንድ ፕሮጀክት ለትምህርት ቤቶች ዴስክ ለመግዛት አገር አቀፍ ጨረታ አወጣና ገባንበት። ፖስታው ተከፍቶ ዋጋ ሲነበብ ሁለተኛ ሆንን፤ ከአንደኛው ጋር ያለን ልዩነት ከ3 በመቶ በታች ስለነበር በለመድነው ስሌት አሸንፈናል ብለን ከአዳራሹ ወጣን (ልጆቹ በዚያው ለስላሳ ጋብዙን ብለው ተጋብዘዋል)። ውጤቱ ሲለጠፍ አሸናፊው ተገጣጥሞ የመጣ የውጭ ዴስክ ያቀረበው አስመጪ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱን ስጠይቅ «በዚህ ጨረታ ልዩ አስተያየት የለም፤ ሰነዱን አንብብ» ተባልኩ። እውነትም በጨረታ ዝርዝር መረጃ ሠንጠረዡ ላይ ልዩ አስተያየት ተፈጻሚ እንደማይሆን የሚገልጽ አንድ መስመር አለ። ሰነዱን ስገዛ ያነበብኩት የዕቃውን ዝርዝርና የዋጋ መሙያውን ብቻ ነበር።

ይህን ለአንድ የሙያ ባልደረባዬ ባጫውተው፣ «ገና ምን አይተህ! ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ስትሆን ይህ ሁሉ ድጋፍ ይነሣል፤ ያንተ ዴስክና የቻይና ዴስክ በመንግሥት ፊት እኩል ይሆናሉ» አለኝ። እውነት ነው ወይ? ካልሆነስ በዚህኛው ጨረታ ልዩ አስተያየቱን የከለከለን ምንድን ነው? የቱቦላሬ (የብረት ቱቦ) ማጠፊያ ማሽን በብድር ልገዛ ስለሆነ፣ የምትሰጡኝን መልስ የምጠብቀው ለማወቅ ያህል ብቻ አይደለም።

መልስ 1፤ ከ«ጡረተኛው ግዥ ሠራተኛ»

ወንድሜ፣ የባልደረባዎ ስጋት መሠረት ባይጠፋውም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አደባልቋል። በመንግሥት ግዥ ሥራ ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ስለቆየሁ፣ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ነገሮች ልለያያቸው።

የዓለም ንግድ ድርጅት መሠረታዊ ሕግ የሆነው የ1947ቱ (እ.ኤ.አ.) የታሪፍና የንግድ ስምምነት፣ በአንቀጽ 3 ከውጭ የገባ ዕቃ ከአገር ውስጥ ዕቃ ያነሰ መስተንግዶ እንዳይደረግለት ይደነግጋል። ሆኖም የዚሁ አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 8፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለራሳቸው አገልግሎት እንጂ መልሰው ለመሸጥ ያልገዟቸውን ዕቃዎች ከዚህ ግዴታ ውጭ ያደርጋል። የአገልግሎት ንግድ ስምምነቱም በአንቀጽ 13 ተመሳሳይ ነገር ይላል። ስለዚህ አንድ አገር አባል ስለሆነ ብቻ በመንግሥት ጨረታ ለራሱ ዜጎች የሚሰጠውን ልዩ አስተያየት እንዲያነሣ አይገደድም።

የመንግሥት ግዥን ለውጭ ተጫራቾች የሚከፍተው ሌላ ስምምነት ነው፤ እሱም የመንግሥት ግዥ ስምምነት ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1994 ተፈርሞ በ1996 ሥራ ላይ የዋለ ሲሆን፣ ተሻሽሎ የወጣው ደግሞ ከሚያዝያ 2014 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እየተሠራበት ነው። ይህ ስምምነት የሚያስረው ወዶ የፈረመውን ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንደ አንድ ወገን ተቆጥሮ ፈራሚዎቹ 22 ወገኖች ሲሆኑ፣ በአጠቃላይ 49 የድርጅቱን አባላት ያቅፋሉ፤ ከድርጅቱ 166 አባላት መካከል ማለት ነው። ከአፍሪካ የፈረመ አንድም አገር የለም። የፈረሙትም ቢሆኑ የሚገደዱት ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በላይ በሆነ ግዥ ነው፤ ለማዕከላዊ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕቃ ግዥ የብዙዎቹ መነሻ 130 ሺህ ኤስዲአር (የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው)፣ ለግንባታ ደግሞ 5 ሚሊዮን ኤስዲአር ነው። አንድ ወረዳ ለሦስት ትምህርት ቤቶች የሚገዛው ዴስክ እዚያ ደረጃ አይደርስም።

ኢትዮጵያ ወደ ድርጅቱ ለመግባት ያመለከተችው በጥር 2003 (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ ጉዳዩን የሚመለከተው የሥራ ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበሰበው በ2008፣ ለአራተኛ ጊዜ በ2020፣ ለአምስተኛ ጊዜ ደግሞ በመጋቢት 2025 ነው። በእነዚህ ድርድሮች ላይ ስለ ግዥ ሕግ ጥያቄ መነሣቱ የተለመደ ነው፤ አንዳንድ አገሮችም ሲገቡ «ወደፊት የግዥ ስምምነቱን ለመፈረም ድርድር እንጀምራለን» ብለው ቃል ገብተዋል። ቻይና እ.ኤ.አ. በ2001 አባል ስትሆን እንዲህ ያለ ቃል ገብታ፣ ማመልከቻዋን ያስገባችው በታኅሣሥ 2007 ሲሆን፣ እስከ ዛሬም አልፈረመችም። በእኛ ደረጃ ላሉ አገሮች ደግሞ ይህ ቃል እንኳ ግዴታ አይደለም፤ የድርጅቱ ጠቅላላ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2002 (እ.ኤ.አ.) በሰጠው ውሳኔ፣ በማደግ ላይ ካሉት መካከል በዝቅተኛ ደረጃ የሚመደቡ አገሮች እንደ ግዥ ስምምነቱ ያሉ የውዴታ ስምምነቶችን እንዲፈርሙ ለአባልነት ቅድመ ሁኔታ ተደርጎ አይቀርብባቸውም።

የባልደረባዎ ስጋት መሠረት የሚያገኘው በጉምሩክ በኩል ነው። አባልነት ማለት የታሪፍ ጣሪያን በውል ማሰር ማለት ነው። ዛሬ ከፍተኛው የጉምሩክ ቀረጥ 35 በመቶ ነው፤ ይህ ወደ ታች ቢወርድ የአስመጪው ዴስክ በመርካቶ ይረክሳል፣ አስመጪውም ያንኑ የረከሰ ዋጋ ይዞ ወደ ጨረታ ይመጣል። ጨረታው «አገር አቀፍ» መባሉ የውጭ ዕቃን እንደማያስቀር ከራስዎ ገጠመኝ አይተውታል። በሌላ በኩል የእርስዎ ቱቦላሬ፣ ኤምዲኤፍና ቀለምም ቢሆን በጉምሩክ የሚያልፍ ዕቃ ነው። ስለዚህ እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን የምጠይቀው «አባል እንሆናለን ወይ» ብዬ ሳይሆን «ቀድሞ የሚወርደው የጥሬ ዕቃው ቀረጥ ነው ወይስ ያለቀለት ዕቃ ቀረጥ» ብዬ ነው። የዘርፍ ማኅበራችሁ ከንግድ ሚኒስቴር ጋር ሊነጋገርበት የሚገባውም ይኸው ነው።

በዚህኛው ጨረታ 3 በመቶውን ያስቀረባችሁ ግን የአበዳሪው ደንብ ነው። አበዳሪው ማን እንደሆነ ስላልጻፉ ደህና አድርጌ በማውቀው በዓለም ባንክ ደንብ ላስረዳ። ባንኩ ከሐምሌ 2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሚሠራበት የግዥ ማዕቀፍ፣ አገሪቱ በራሷ የጨረታ ሥርዓት እንድትገዛ ይፈቅዳል፤ ነገር ግን በአገር አቀፉ ጨረታ ላይ ከየትኛውም አገር የመጣ ብቁ ተጫራች እንዳይከለከልና የአገር ውስጥ ልዩ አስተያየት እንዳይሰላ ይጠይቃል። የእኛም የግዥ ሕግ መንግሥት ከአበዳሪ ጋር የገባው ስምምነት ከሕጉ ጋር ሲጋጭ ስምምነቱ እንዲጸና ያደርጋል። የግዥ ኃላፊው ለእርስዎ ሊያዝን ይችላል፤ የመቀየር ሥልጣን ግን የለውም።

ዓለም አቀፍ ጨረታ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ ልዩ አስተያየት ሊፈቀድ ይችላል፤ ለዕቃ 15 በመቶ፣ ለግንባታ 7.5 በመቶ። ነገር ግን ብዙ አምራች የማያስተውለው አንድ ስሌት አለ። ከውጭ የሚመጣው ዴስክ እስከ ማስረከቢያው ቦታ ትራንስፖርትና ኢንሹራንስ ተጨምሮበት 4,000 ብር ነው እንበል። በገበያ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ ሲጨመርበት 5,400 ብር ይሆናል፤ የእርስዎ ዴስክ ከወርክሾፕ ሲወጣ 4,800 ብር ቢሆን በገበያው እርስዎ ረከሱ ማለት ነው። በጨረታ ግምገማ ጊዜ ግን የውጭው ዕቃ የሚነጻጸረው ያለ ጉምሩክ ቀረጥ ነው። ስለዚህ 4,000 ከ4,800 ጋር ይቀርባል፤ 15 በመቶው ተደምሮበት 4,600 ቢሆንም አሁንም ተበልጠዋል። የ35 በመቶ ከለላ አለኝ ብሎ ዋጋውን ያወጣ ሰው በዚህ ቦታ ነው የሚወድቀው። በዚያ ላይ እርስዎ ለቱቦላሬው የከፈሉት ቀረጥ በ4,800 ብርዎ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል፤ እሱን የሚቀንስልዎ ሰው የለም።

መልስ 2፤ ከ«ብረት ሠሪዋ»

አባታችን ያሉት በሙሉ ልክ ነው፤ ስለ 4,800 ብሩ የጻፉትንም እኔ በራሴ ላይ ደርሶብኝ ነው የተማርኩት። እኔ ልጨምር የምፈልገው ስለ ቴክኒካል ዝርዝሩ ነው፤ ምክንያቱም እኔ ብዙ ጊዜ የምወድቀው ዋጋው ጋር ከመድረሴ በፊት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ለአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች የልብስ መቆለፊያ ሣጥን ጨረታ ገባሁ። ዝርዝሩ የላሜራውን ውፍረት 0.8 ሚሊ ሜትር ይላል፤ ይሁን። ቀለሙ በምድጃ የተጋገረ የዱቄት ቀለም መሆን አለበት ይላል፤ እሱንም ውጭ አስቀብቼ እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የበሩ ማጠፊያ በመሐል ያለው ርቀት በሚሊ ሜትር ሳይቀር ተጽፏል፤ የአምራቹ የአይኤስኦ 9001 (ዓለም አቀፍ የጥራት አሠራር) ምስክር ወረቀትም ተጠይቋል። ያ ርቀት አንድ አስመጪ ከሚሸጠው ዕቃ ካታሎግ የተቀዳ መሆኑን ያወቅኩት ካታሎጉን እኔም በእጄ ስለነበረኝ ነው። ለእኔ ይኼ ከማንኛውም ዓለም አቀፍ ሕግ የበለጠ አጥር ነው፤ ማንም የውጭ መንግሥት ያላዘዘው፣ በገዛ እጃችን የተሠራ አጥር።

ጩኸት አላነሣሁም። በሰነዱ በተፈቀደው ጊዜ ውስጥ በጽሑፍ ማብራሪያ ጠየቅሁ፤ «ማጠፊያው በዚህ ርቀት እንዲሆን ያስፈለገበት የአገልግሎት ምክንያት ምንድን ነው? ተመጣጣኝ የሆነ ዕቃ ይቀበላሉ ወይ? አይኤስኦ የሌለው አምራች የምርት ናሙና አቅርቦ በፍተሻ ማረጋገጥ ይችላል ወይ?» የሚል ነበር። መልሱ ለሰነድ ገዢዎች በሙሉ በማሻሻያ መጣ፤ ርቀቱ ተሰረዘ፣ «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል ተጨመረ፣ አይኤስኦው ግን ሳይነሣ እንዳለ ቆየ። ጨረታውን አላሸነፍኩም። ከእኔ ሌላ ሁለት የአገር ውስጥ አምራቾች ግን በዚያ ማሻሻያ ምክንያት ቴክኒካሉን አልፈዋል።

ሌላው፣ «የአገር ውስጥ ተጫራች» የሚለውን ትርጉም በየሰነዱ ይፈትሹት። በ2016 ዓ.ም. የኢንቨስትመንት ቦርድ ባወጣው መመሪያ የአስመጪነት፣ የጅምላና የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብቶች ተከፍቷል። እዚሁ ተመዝግቦ፣ የእኛኑ ንግድ ፈቃድና ቲን ነምበር የያዘ የውጭ ድርጅት አጠገብዎ ቁጭ ብሎ ፖስታ ሲያስከፍት ሊያገኙት ይችላሉ። ከዓለም ንግድ ድርጅት ጋር የተያያዘ ለውጥ ካለ፣ እኔ አስቀድሞ ሲመጣ የታየኝ በዚህ በር ነው።

መልስ 3፤ ከ«ሜሪላንድ ነኝ»

ሰላም ወገኖቼ። እኔ የምኖረው አሜሪካ ነው፤ ለመንግሥት ሕንፃዎች የጽዳት ዕቃና የቢሮ ቁሳቁስ የሚያቀርብ፣ ከባለቤቴ ጋር የምንመራው አነስተኛ ድርጅት አለን። «ሀብታሞቹ አገሮች ስምምነቱን ፈርመው በራቸውን ከፍተዋል፣ እኛም እንከፍታለን» የሚል ክርክር ስሰማ የሚያስቀኝ ነገር ስላለ ነው የምጽፈው።

አሜሪካ የመንግሥት ግዥ ስምምነቱን ስትፈርም፣ ለአነስተኛና በአናሳ ወገኖች ባለቤትነት ለተያዙ ድርጅቶች ተለይቶ የሚቀመጥ ግዥ በሙሉ ከስምምነቱ ውጭ እንዲሆን በአባሪዋ ላይ አስጽፋለች። የፌዴራል መንግሥቱ ከዋና ውሎቹ የገንዘብ መጠን ቢያንስ 23 በመቶው ለአነስተኛ ድርጅቶች እንዲደርስ በሕግ የተቀመጠ ግብ አለው፤ መካከለኛ መጠን ያላቸው ግዥዎችም በመደበኛነት ለእነሱ ብቻ ይለያሉ። የእኔ ድርጅት የሚኖረው በዚህ ነው። አንድ የካናዳ ወይም የጃፓን ድርጅት በእኔ ጨረታ ላይ «የተፈረመ ስምምነት አለ» ብሎ ሊከራከር አይችልም። እንግዲህ ስምምነቱን ካረቀቁት ዋነኞች አንዷ እንዲህ ካደረገች፣ የ3 በመቶ ልዩ አስተያየት የሚያሳፍር ነገር አይመስለኝም።

ወደ እናንተ የሚመለስ አንድ ነገርም አለ። ከተወሰነ የገንዘብ መጠን በላይ በሆነና ለአነስተኛ ድርጅቶች ባልተለየ የፌዴራል ግዥ ላይ፣ የንግድ ስምምነቶች ሕግ የሚባለው ሕግ ዕቃው ከተፈቀዱ አገሮች የተሠራ እንዲሆን ያስገድዳል። ቻይና ስምምነቱን ስላልፈረመች በዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ኢትዮጵያ ግን በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ካሉ አገሮች ተርታ ተጽፋ በዝርዝሩ ውስጥ አለች። ይህ ከአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ ከሚፈቅደው ሕግ) የተለየ ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከአጎዋ ብትወጣም በግዥ ዝርዝሩ ላይ ስሟ አለ። የዴስክ ማጓጓዣ ስለማያዋጣ ለጠያቂው ብዙም አይጠቅመው ይሆናል፤ የሥራ ጓንት፣ የደንብ ልብስ ወይም የቆዳ ጫማ ለሚሠራ ሰው ግን ሊታሰብበት የሚገባ ነው። አንድ ጊዜ ከአገር ቤት የመጣ ጓንት ናሙና ለአንድ የግዥ ኃላፊ ሳሳየው «ከቻይና ነው?» አለኝ፤ አይደለም ብዬ መለያውን ገልብጬ ሳሳየው መጀመሪያ ያደረገው ነገር ዝርዝሩን ከፍቶ የአገራችንን ስም መፈለግ ነው።

ከጠያቂው፤ «ባለ ዴስኩ»

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ በጠረጴዛዬ ላይ የነበሩትን ሦስት የጨረታ ሰነዶች ከነሠንጠረዣቸው ተቀምጬ አነበብኩ። ሁለቱ በመንግሥት ግምጃ ቤት በጀት የሚገዙ ሲሆኑ ለአነስተኛ ተቋማት ልዩ አስተያየት እንዳለ በግልጽ ተጽፎባቸዋል። ሦስተኛው የብድር ሆኖ ዓለም አቀፍ ጨረታ ነው፤ 15 በመቶው አለው፣ ግን ዕቃው ቢያንስ 30 በመቶ የአገር ውስጥ ጉልበት፣ ጥሬ ዕቃና ክፍል እንዳለው አምራቹ እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። ችግሬ እዚህ ላይ ነው። ቱቦላሬውና ፎርማይካው የውጭ ነው፤ የአገር ውስጥ የምለው የመቀመጫው ጣውላ ሲሆን እሱን ደግሞ የምገዛው ከገጠር በአይሱዙ ጭነው ከሚያመጡ ሰዎች፣ ያለ ደረሰኝ ነው። በምን ላረጋግጥ?

ተጨማሪ ጥያቄ ልጨምር፦ የማሽኑን ብድር ከመፈረሜ በፊት የምንዛሪውን ነገር እንዴት ታዩታላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ያሸነፍነው አንድ ውል በእጃችን ነበር፤ ዶላሩ ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ወደ እጥፍ ሲጠጋ የቱቦላሬው ዋጋ አብሮ ዘለለ፣ ውላችን ግን ቋሚ ዋጋ ስለነበረው ዴስኩን በኪሳራ አስረከብን።

መልስ 4፤ ከ«ጡረተኛው ግዥ ሠራተኛ»

ስለ ጣውላው ብዙ አይጨነቁ፤ ስሌቱን ከደመወዝ ይጀምሩት። የሚጠየቀው 30 በመቶ ከወርክሾፕ በር ከሚወጣበት ዋጋ ላይ ሲሆን፣ ጉልበትም ስለሚቆጠር የአሥራ አንዱ ሠራተኞች የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የጡረታ መዋጮና የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃ ዋናው ሰነድዎ ነው። አንድ ዴስክ ስንት የሰው ሰዓት እንደሚወስድ ይለኩና ይጻፉት። ጣውላውን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ በግዥ ቫውቸር ይግዙ፤ የሻጩ ስም፣ የመታወቂያ ቁጥር፣ መጠኑና ፊርማው ይኑርበት። ያለፈውን ማስተካከል አይቻልም፤ የሚመጣው ጨረታ ግን ይደርሳል። ድርሻው 30 በመቶ ካልሞላ ቅጹን በስሕተት አይሙሉ፤ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ከጨረታ ያሳግዳል።

የማሽኑን ብድር በተመለከተ፣ እኔ የባንክ ሰው ስላልሆንኩ ከአንድ ነገር በላይ አልናገርም። የመክፈያ ዕቅዱን ሲሠሩ እንደ ሁለቱ ሰነዶችዎ በግምጃ ቤት በጀት የሚወጡትን ጨረታዎች ብቻ እንደ ገቢ ይቁጠሩ፤ የብድር ፕሮጀክቶቹን ከስሌቱ ያውጧቸው። የውሉን ጊዜ ደግሞ ይመልከቱ፤ ረዘም ያለ ከሆነ የዋጋ ማስተካከያ አንቀጽ በልዩ የውል ሁኔታዎች ላይ መኖሩን፣ ከሌለም እንዲገባ ማብራሪያ ሲጠየቅ በጽሑፍ ያንሡ። ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤቱ የገቢ ማኅተምና ቀን እንዲመታበት አይርሱ፤ ያለ ማኅተም የቀረ ጥያቄ በአቤቱታ ጊዜ እንዳልተጠየቀ ነው የሚቆጠረው።